የቡሄ ዘፈን ሚዛን፥ ቤትና አዝማች

ስለ አማርኛ ግጥም በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የምሥጢር ነገር ነው። ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ የት ላይ ተቀበረ? ኅብረ ቃሉ ስንት ፍች ይሰጣል? እየተባለ ይመረመራል። ይህም ከቅኔ ቤት የወረስነው መልካም ልማድ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ልማድ ምክንያት የግጥሙ አካል፥ ማለት የስንኙ ሚዛን፥ የቤቱ አመታትና የአዝማቹ አመላለስ እንደ ተራ ነገር እየተቈጠረ ሳይመረመር ይቀራል። በተለይም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ረዥም ግጥም በዚህ ረገድ ብዙ ተጎድቷል። ሰብሳቢው ቃሉን ይጽፋል፤ ተደጋግሞ የሚመጣውን ግን «ይህስ አንድ ጊዜ ተጽፏል» ብሎ ይዘለዋል። በወረቀት ላይ የሚቀረውም አጥንቱ የወጣ ሥጋ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ድግግሞሽ የረዥም ግጥም ምሰሶ እንጂ ትርፍ ነገር አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ለዚህም ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው ከሩቅ የመጣ መጽሐፍ ሳይሆን ሁላችንም በልጅነት የሰማነውን፥ ብዙዎቻችንም የዘፈንነውን የቡሄን ዘፈን ነው። ይህ ዘፈን የልጆች ጨዋታ ተብሎ ስለሚናቅ ሊቅ አልደከመበትም። ነገር ግን የአማርኛ ግጥም ሚዛን ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ «ቡሄ በሉ» መሆኑን ስናስተውል፥ በዚህ የልጆች ጨዋታ ውስጥ የቋንቋችን የግጥም ሕግ ተጠብቆ መኖሩን እንረዳለን።

የዘፈኑ ጊዜና ቦታ

የቡሄ ዘፈን በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ከሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ጋር የተያያዘ ነው። በዓሉ ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጸበት መታሰቢያ ነው። ቡሄ የሚለውን ስም አንዳንዶቹ ከቡሆ፥ ማለት ከሊጡ ጋር ያገናኙታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የብርሃንና የመገለጥ ስም ነው ይላሉ። በዋዜማው ጅራፍ ይጮኻል፤ ችቦ ይበራል፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ወንዶች ልጆችም በትር ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ።

ይህን ዘፈን በአዲስ አበባ ምዕራብ ባለው በኮልፌ ቀራንዮ መመልከት የተለየ ጥቅም አለው። የዚህ ክፍለ ከተማ አካባቢ የምዕራብ መንገዶች በር ነው። በአየር ጤና በኩል የጅማ መንገድ፥ በአስኮ በኩል ደግሞ የአምቦ መንገድ ይወጣሉ። ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ፥ ጉራጌው፥ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ስልጤው፥ ጋሞው፥ አጥር ለአጥር ተያይዞ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ በቡሄ ማታ በአጠና ተራ ወይም በቤቴል በአንድ ደጅ ላይ ከቆሙት ልጆች መካከል በወላጆቹ ቤት ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ነገር ወደ ፊት ለምንናገረው ስለሚጠቅም አንባቢ በልቡናው እንዲይዘው ያስፈልጋል።

ዘፈኑ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው አውጪው ነው፤ እርሱም ድምፁ የጎላ፥ አንደበቱ የተፈታ ልጅ ይሆናል። ሁለተኛው ተቀባዮቹ ናቸው፤ እነርሱም ባጭር ቃል እየመለሱ በትራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። ነገሩም የታወቀ ተራ አለው። በመጀመሪያ በደጅ ቆሞ የመምጣትን ምክንያት መናገር፥ ቀጥሎ ባለቤቱን ማወደስ፥ ከዚያም እመቤቲቱን ማመስገን፥ በመካከሉም የመንገድ ወሬና ቀልድ መጨመር፥ በኋላም ስጦታውን መጠየቅ፥ በመጨረሻም መርቆ መሄድ ነው። ይሁን እንጂ የዘፈኑ ርዝመት አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም። በሩ ቶሎ ከተከፈተ ያጥራል፤ ባለቤቱ ከዘገየ ይረዝማል፤ ጨርሶ እንቢ ካለም ወደ ሽሙጥ ይለወጣል። እንግዲህ የዚህ ግጥም ልክ የሚወሰነው በደጃፉ ነው ማለት ይቻላል። እንደዚህ ያለውን፥ እንደ ጉዳዩ የሚያጥርና የሚረዝም ግጥም ሳይፈርስ አቁሞ የሚይዘው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከሚዛኑ እንጀምር።

ሚዛን

የአማርኛ ግጥም ሚዛን የሚለካው በቀለም ብዛት ነው። ቀለም ስንል በአንድ ትንፋሽ የሚነገረውን የድምፅ ክፍል ማለታችን እንጂ በብራና ላይ የሚጻፈውን ፊደል ማለታችን አይደለም። ስንኙም በመካከሉ ያርፋል፤ ከዕረፍቱ በፊትና በኋላ ያለው እያንዳንዱ ክፍል ሐረግ ይባላል። ከታወቁት ሚዛኖች መካከል ስድስት ስድስት ቀለም ያለው፥ በጠቅላላው 12 የሚሆነው የወል ቤት ይባላል፤ አምስት አምስት ቀለም ያለው፥ በጠቅላላው 10 የሚሆነው ሰንጎ መገን ይባላል፤ አራት አራት ቀለም ያለው፥ በጠቅላላው 8 የሚሆነው ቡሄ በሉ ይባላል። ይህን የግጥም አሠራር በሰፊው ከመረመሩት ጸሐፊዎች አንዱ አቶ መንግሥቱ ለማ ሲሆኑ፥ ጥናታቸው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1963 ታትሟል።

ነገሩን ግልጥ ለማድረግ ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀሁትን አንድ ጥንድ ስንኝ ላቅርብ።

ከኮልፌ ዳር / ጅራፍ ሰማን፤
በሩን ከፍቶ / የወጣ ማን?

በመጀመሪያው ስንኝ ፊደሎቹን ብንቈጥር 12 ናቸው፤ በሁለተኛው 11 ናቸው። በዐይን ሲታይ ስለዚህ እኩል አይደሉም። በጆሮ ሲሰማ ግን ሁለቱም ስምንት ስምንት ቀለም ናቸው። ይህም የሚሆነው በሳድስ ፊደል ጠባይ ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ያወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ይደገፋል። በመጀመሪያው ስንኝ «ኮልፌ» ከሚለው ቃል ውስጥ ልን፥ «ዳር» ከሚለው ርን፥ «ጅራፍ» ከሚለው ፍን፥ «ሰማን» ከሚለው ንን ስናወጣ ስምንት ይቀራል። «ጅራፍ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ያለው ጅ ግን ሳድስ ቢሆንም ድምፅ ስላለው ይቈጠራል። እንደዚሁም የሚጠብቀው ፊደል በጽሑፋችን ስለማይታወቅ፥ ቃሉን በአፉ ያልሰማ ሰው ሚዛኑን በዐይኑ ብቻ አያገኘውም። የቃል ግጥምን የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ መስማት ያለበት ስለዚህ ነው።

አሁን ይህንኑ አሳብ ወደ ሰንጎ መገን ብንለውጠው እንዲህ ይሆናል።

ከኮልፌ ማዶ / ጅራፉን ሰማን፤
በሩንም ከፍቶ / የወጣውስ ማን?

ወደ የወል ቤት ስናመጣው ደግሞ እንዲህ ይሆናል።

ከኮልፌ ዳር ማዶ / የጅራፍ ድምፅ ሰማን፤
በሩን ከፍቶ ወጥቶ / የተቀበለ ማን?

አሳቡ አንድ ሆኖ ሳለ አረማመዱ ሦስት ዓይነት ሆኗል። የመጀመሪያው ጥሪ ነው፤ ባጭሩ ተነሥቶ ባጭሩ ያርፋል፤ ለመሮጥና ለመምታት ይመቻል። ሁለተኛው ረገብ ብሎ የሚያዜም ነው። ሦስተኛው ተቀምጦ የሚተረክ ነው፤ ነገር ለመደርደር፥ ለመፍረድ፥ ለማዘንም ስፍራ አለው። ስለዚህ ልጆች በደጅ ቆመው በትር እየመቱ ለሚዘፍኑት ዘፈን ከሁሉ አጭሩ ሚዛን መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። አራት ቀለም ለልጅ ትንፋሽ ይበቃል፤ በበትሩ ምት መካከልም ያለ ችግር ይገባል። በትሩም በበኩሉ ዳኛ ነው፤ አውጪው አንድ ቀለም ቢያበዛ ወይም ቢያጎድል ምቱ አስቀድሞት ወይም ዘግይቶበት ስሕተቱን ይገልጥበታል።

ቤት

ሚዛኑ የስንኙን ውስጥ ሲገዛ ቤቱ መጨረሻውን ይገዛል። በአማርኛ ቤት መታ የሚባለው በስንኙ መጨረሻ ያለው ፊደል ከነድምፁ ሲገጥም ነው። መጣ ከወጣ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱም በጣ ያልቃሉና። መጣ ከበላ ጋር ግን የመጨረሻ ድምፃቸው ራብዕ መሆኑ ብቻ አይበቃቸውም፤ ፊደላቸው ይለያያልና። ስንኙ ድምፅ በሌለው ሳድስ ሲያልቅ ደግሞ በፊቱ ያለው ፊደል አብሮ ሲገጥም ነው ቤቱ የሚጸናው። ከላይ ባቀረብነው ምሳሌ «ሰማን» እና «ማን» የተገጣጠሙት በን ብቻ ሳይሆን በማም ጭምር ነው። ሰና ሠ፥ ሀና ሐ በጽሑፍ ቢለዩም በጆሮ አንድ ስለ ሆኑ ቤት ለመምታት አይከለክሉም። እዚህም ላይ ፈራጁ ጆሮ ነው።

የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግሥ የሚያልቅ መሆኑ ለገጣሚ ማመቻቻም ወጥመድም ነው። ግሦች የመጨረሻ ቅጥያቸው ስለሚመሳሰል ቤት መምታት ይቀላል፤ ነገር ግን ዘወትር በግሥ ቅጥያ ብቻ የሚመታ ቤት ጆሮን ያሰለቻል። ብልህ አውጪ ስለዚህ የቃሉን ተራ ገልብጦ የሰው ስም፥ የአገር ስም ወይም የጥያቄ ቃል በመጨረሻ ያኖራል። በዚህ ጊዜ አድማጩ የሚጠብቀውን ድምፅ ባልጠበቀው ቃል ስለሚያገኘው ደስ ይለዋል።

በቃል ግጥም ሌላም ልማድ አለ። ብዙ ጊዜ የጥንዱ ፊተኛ ስንኝ ከኋለኛው ጋር በነገር የተያያዘ አይመስልም። ፊተኛው ስለ ተራራ ወይም ስለ ጭስ ሲናገር ኋለኛው ስለ ባለቤቱ ቸርነት ይናገራል። ይህን ያየ ሰው ፊተኛውን ስንኝ ትርጕም የለሽ ነው ብሎ ሊሰርዘው ይፈልጋል። ሆኖም ፊተኛው ስንኝ ለቤቱ መደብ የሚጥል ነው። ድምፁን አስቀድሞ በጆሮ ያኖርና ኋለኛው ስንኝ ሲመጣ የታወቀ እንግዳ ያስመስለዋል። ከዚህም በላይ አውጪው ፊተኛውን ከልማድ ወስዶ ሲያዜም ኋለኛውን በልቡ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

አዝማች

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ከየስንኙ በኋላ የሚመለሰውን ቃል አዝማች ብለን እንጠራዋለን። አዝማች ማለት በሌላ ስፍራ ጦር መርቶ የሚዘምት ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። አዝማች የግጥሙ ጭራ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ ስሙ ተዘንግቷል፤ እርሱ መሪ ነውና።

አዝማች በቡሄ ዘፈን ውስጥ ቢያንስ አራት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ፥ ለአውጪው ፋታ ይሰጣል። ተቀባዮቹ በሚመልሱበት ቅጽበት አውጪው ወደ በሩ ይመለከታል፤ መብራት በርቶ እንደ ሆነ፥ እመቤቲቱ ወጥታ እንደ ሆነ ያያል፤ የሚቀጥለውንም ስንኝ እንደ ሁኔታው ያበጃል። ሁለተኛ፥ ሚዛኑን ይጠብቃል። ስንኙ ይለዋወጣል፤ አዝማቹ ግን ልኩን አይለውጥም። አውጪው በአንድ ስንኝ ቢስት አዝማቹ ወደ ትክክለኛው አረማመድ ይመልሰዋል። ሦስተኛ፥ መታሰቢያ ነው። ከእያንዳንዱ ምላሽ በኋላ ያለው ስፍራ የታወቀ በመሆኑ አውጪው የውዳሴውን፥ የቀልዱንና የምርቃቱን ክፍል በየተራው ያስታውሳል። አራተኛ፥ ሰውን ያስገባል። ከላይ በልቡና ይያዝ ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስንኙን ለማወቅ አማርኛን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አዝማቹን ለመቀበል ግን በትር ማንሣትና መስማት ይበቃል። ትናንት በጅማ መንገድ ገብቶ ዛሬ ከሰፈር ልጆች ጋር የቆመ ሕፃን ገና በመጀመሪያው ማታ ከተቀባዮቹ አንዱ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ስንኝ ያውቃል፤ በሦስተኛው ምናልባት አውጪ ይሆናል። ስለዚህ ለብዙ ልጅ አዝማቹ የቋንቋው በር ነው።

ከአዝማች ሌላ ሁለተኛ የድግግሞሽ ዓይነት አለ። ይኸውም ስንኙ ራሱ አንድ ቃል ብቻ እየለወጠ ሲመላለስ ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ብንል፦

አስኮ ስንደርስ / ተቀበሉን፤
ቤቴል ስንደርስ / ተቀበሉን፤
ኮልፌ ስንደርስ / ተቀበሉን፤
እዚህ ስንደርስ / ለምን ጣሉን?

በሦስቱ ስንኞች የተለወጠው የሰፈሩ ስም ብቻ ነው። ጆሮ አንድን ነገር ለመደ፤ በአራተኛውም ያንኑ ጠበቀ፤ ነገር ግን ቤቱ ሳይፈርስ ነገሩ ተገለበጠ። ባለቤቱ በሩን ሳይከፍት ቢቀር ከሦስት ሰፈር የሚያንስ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሰብሳቢው «ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ናቸው» ብሎ ቢተዋቸው ግን የሽሙጡ ኃይል በሙሉ ይጠፋል። ወቀሳውን ወቀሳ ያደረገው የሦስቱ ስንኞች መመሳሰል ነበርና።

የቀድሞ ምስክሮች

ይህ የድግግሞሽ ጥበብ በልጆች ዘፈን ብቻ የተገኘ አይደለም። በአማርኛ የተጻፉ ከሁሉ የቀደሙ ግጥሞች ተብለው የሚታወቁት ለነገሥታት የተዘመሩት የውዳሴ ግጥሞች ናቸው። እነዚህም ለዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344)፥ ለዐፄ ይስሐቅ (1414–1429)፥ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) እና ለዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559) የቀረቡ ናቸው። በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከሚገኘው የብራና ጽሑፍ ጣሊያናዊው ሊቅ ኢግናስዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳተማቸው፤ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማንም እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ቋንቋው ተርጕሞ አወጣቸው።

ከእነዚህ መካከል ለዐፄ ይስሐቅ የቀረበው ግጥም ለእኛ ነገር ትልቅ ምስክር ነው። የገባር አገሮችን ስም ከነግብራቸው በተከታታይ ይዘረዝራል። የዚያን ዘመን መንግሥት ወሰን የመረመሩ የታሪክ ሊቃውንት ይህን ግጥም እንደ ማስረጃ አቅርበውታል። አስተውሎ ለሚመለከተው፥ ስሞቹ በየስፍራቸው ረግተው የቆዩት በተመላላሽ አነጋገርና በቤት ስለ ታሰሩ ነው። ያልታሰረ ስም በአንድ ትውልድ ይረሳል፤ በሚዛንና በቤት የታሰረ ስም ግን ትርጕሙ እንኳ ቢጠፋ ድምፁ ይቀራል። ስለዚህ ድግግሞሽ መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን የመዝገብ ቤትን ሥራ ሠርቷል።

በግእዝም በኩል የመልክእ ድርሰት ተመሳሳይ ነው። መልክእ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጕር ጀምሮ እስከ እግር ድረስ እየጠራ የሚያወድስ ሲሆን፥ አርኬው አምስት ስንኝ አለው፤ አምስቱም በአንድ ቤት ይመታሉ፤ አብዛኛውም አርኬ በሰላምታ ቃል ይጀምራል። የሚለወጠው የአካሉ ስም ነው። ካህኑ ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዘው የአካሉ ተራና የሰላምታው መመለስ ስለሚመራው ነው። ከቅኔ ጋር ስናነጻጽረው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት ነው፤ መወድስ እንኳ ስምንት ነው። ቅኔ አጭር ስለ ሆነ ተመላላሽ ቃል አያሻውም፤ በምሥጢሩ ጥልቀት ይቆማል። ረዥም ግጥም ግን ሊቆም የሚችለው በመመላለስ ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ስንመለከትም ይኸው ሕግ ይገኛል። የፊንላንድ ሕዝብ የቃል ግጥም በኤልያስ ሌንሮት ተሰብስቦ ካሌቫላ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1835 ሲታተም ስንኙ ስምንት ቀለም ነበር፤ ከቡሄ በሉ ጋር በቍጥር ይተካከላል። ልዩነቱ ግን ፊንላንዳውያን ስንኙን የሚያያይዙት ቤት በመምታት ሳይሆን አንዱን አሳብ በሁለተኛው ስንኝ በሌላ ቃል በመድገም መሆኑ ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ የትረካ ዘፈኖችም አንድ ቃል ብቻ እየለወጡ ስንኙን መመለስ የታወቀ ልማድ ነው። ሚልማን ፓሪ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1935 በዩጎዝላቪያ የነበሩትን የቃል ዘፋኞች መዝግቦ፥ በሆሜር ግጥም ውስጥ የሚመላለሱት አነጋገሮች የቃል ባለሙያ መሣሪያዎች መሆናቸውን አስረዳ። ደቀ መዝሙሩ አልበርት ሎርድም ይህንኑ በ1960 በታተመው መጽሐፉ አስፋፋው። ከዚያ ወዲህ በሆሜር ላይ ድግግሞሽን እንደ ድካም መቍጠር ቀርቷል። በራሳችን የቃል ግጥም ላይ ግን ይህ ፍርድ ገና አልተነሣም።

ከማተሚያ ቤት ወዲህ

ማተሚያ ቤት ከተስፋፋ በኋላ ረዥሙ የአማርኛ ግጥም ሌላ መንገድ ያዘ። ክቡር አቶ ከበደ ሚካኤል በታሪክና ምሳሌ መጻሕፍታቸው ታሪክንና ተግሣጽን በግጥም ሲተርኩ አብዛኛውን በየወል ቤት አቀረቡት፤ ብዙ ትውልድም በትምህርት ቤት አጠናው። አቶ መንግሥቱ ለማ ባሻ አሸብር በአሜሪካ በተባለው የትረካ ግጥማቸው አንድ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር የዘር ልዩነት ሲገጥመው አሳዩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስምንት ስምንት ቀለም ያለውን ሐረግ ስለ ተጠቀመ ሚዛኑ በስሙ የጸጋዬ ቤት ተባለ፤ እሳት ወይ አበባ የተባለው የግጥም መጽሐፉም በ1966 ዓ.ም. ታተመ።

በእነዚህ ደራስያን ሥራ ሚዛኑና ቤቱ ከቃል ግጥም ወደ መጽሐፍ ተሻግሯል። አዝማቹ ግን በአብዛኛው አልተሻገረም። ይህም ሊሆን የሚገባው ነበር፤ አንባቢ የረሳውን ለማስታወስ ገጹን ወደ ኋላ ይገልጣልና ተቀባይ አያስፈልገውም። ጥፋቱ የመጣው የመጽሐፉን ግጥም መለኪያ አድርገን የቃሉን ግጥም በእርሱ ስንመዝን ነው። የደጁን ግጥም በጠረጴዛ ሕግ ስንዳኘው ተቀባዮቹን ከሸንጎው አስወጣናቸው።

ዛሬ ይህን ነገር ማንሣት የሚያስፈልገው የደጁ ሁኔታ እየተለወጠ ስለ ሆነ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፥ እንደ ሌላውም የከተማው ክፍል፥ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። በብዙ ስፍራ ልጆች የሚቆሙት በአንድ ቤት ደጅ ሳይሆን በዘበኛ በሚጠበቅ የግቢ በር ላይ ነው። ሙልሙሉ በገንዘብ እየተተካ ሄዷል። ገንዘብ ደግሞ ቶሎ ይሰጣል፤ ስለዚህ ዘፈኑ ሳይደርስ ይቋረጣል። በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው የተቀዳ ዘፈንም ርዝመቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ በደጁ ያለውን ሰው አይቶ አይለወጥም። እንደዚህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠፋው የመካከሉ ትረካና የመጨረሻው ምርቃት ነው። አውጪ የሚያስፈልገው የዘፈን ክፍል ከጠፋ አውጪ የሚሆን ልጅ አይወጣም፤ አውጪ ከሌለም ከላይ የተመለከትነው የሚዛንና የቤት ትምህርት ያለ መምህር ይቀራል።

ልማድ በትእዛዝ ተመልሶ አይመጣም። ነገር ግን ያለውን በሚገባ መጻፍ በእጃችን ነው። ስለዚህ የቃል ግጥምን ለሚሰበስቡ መምህራን፥ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ አዝማቹ በመጣ ቍጥር በየስፍራው ይጻፍ፤ «እንደ ላይኛው» ተብሎ አይታለፍ። ሁለተኛ፥ የሐረጉ ዕረፍትና የሚጠብቀው ፊደል ምልክት ይደረግባቸው፤ ያለዚያ የሚመጣው ትውልድ ሚዛኑን አያገኘውም። ሦስተኛ፥ ትርጕም የለሽ የሚመስለው ፊተኛ ስንኝ አይሰረዝ። አራተኛ፥ ሰፈሩ፥ ዓመቱ፥ የተቀባዮቹ ብዛትና የባለቤቱ መልስ አብሮ ይመዝገብ፤ ግጥሙ የተሠራው በዚያ ደጅ ነውና። ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ዛሬ በየኪሱ ስላለ ሥራው እንደ ቀድሞው ሰብሳቢዎች ድካም የበዛበት አይደለም።

በቡሄ ዘፈን መጨረሻ ላይ ልጆቹ ለባለቤቱ የሚመኙለት ዓመቱ ዞሮ እንዲያደርሰውና እነርሱም ተመልሰው በደጁ እንዲቆሙ ነው። ይህ ምርቃት የአዝማቹን ትርጕም በግልጥ ይነግረናል። ገበሬ ዘርቶ አጭዶ እንደገና የሚዘራ ሕዝብ፥ በዓሉን በየዓመቱ የሚቀበል ሕዝብ፥ የተመላለሰ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው አይልም፤ መመለስ በረከት መሆኑን ያውቃልና። ነሐሴ 12 ቀን ማታ በየደጃችን በትር ሲመታ ስንሰማ እንግዲህ ገንዘቡን ለመስጠት አንቸኩል፤ ልጆቹ እስከ ምርቃቱ ይድረሱ።